«እርስዎ» ያለችው ደብዳቤ

ሎውሪ ቮን የጻፈቻቸው ደብዳቤዎች አንድ ሐሙስ ጠዋት እግር አውጥተው ወደ ራሷ ቤት ተመለሱ።

ይዛቸው የመጣችው ኔስት ናት፤ የኢቴል እህት። ሦስት ዓመት ሙሉ ቅቤ ለመሸጥ ስትዞር የወንድሟንና የሎውሪን ደብዳቤ ከቅርጫቷ ሥር እየሸጎጠች ስታመላልስ ኖራለች። ሌላ ጊዜ ቢሆን የጓሮውን በር በክርኗ ገፋ አድርጋ፣ «የት አለሽ አንቺ ጸሐፊ! እግሬ አለቀ እኮ በእናንተ ፍቅር!» እያለች ነበር የምትገባው። ዛሬ ግን አንኳኳች። በሩ ሲከፈትም ዓይኗን ከጫማዋ ሳታነሳ፣ በሲባጎ የታሰረ ወፍራም ጥቅል ዘረጋች።

«ይቀበሉኝ፣ ወይዘሪት ቮን።»

ሎውሪ ሳቀች። «ወይዘሪት ቮን ደግሞ ማን ናት? እናቴን ፈርተሽ ነው? እሷ እንደሆነች ፎቅ ላይ ናት።»

«እርስዎ ነዎት እንጂ ማን ትሆናለች። ወንድሜ ነገ በጠዋቱ ባቡር ሊቨርፑል ይወርዳል። ከዚያ በመርከብ ባሕር ማዶ፣ ፓታጎኒያ። ደህና ይሁኑ።»

ይህን ብላ ቅርጫቷን እያወዛወዘች ሄደች። የሎውሪ ሳቅ ፊቷ ላይ እንዳለ ደረቀ።

በኩምዱ ሸለቆ የተመለሰ ደብዳቤ ምን ማለት እንደሆነ ሕፃን ልጅ እንኳ ያውቃል። ፍቅር ሲያልቅ ደብዳቤው ለጻፈው ሰው ይመለሳል፤ ክርክር የለው፣ ሽማግሌ የለው። ሎውሪ ጥቅሉን ይዛ ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠች። ከሁለት ሳምንት በፊት ኢቴል ለጋብቻ ጠይቋት እሺ ብላዋለች። በሚመጣው እሁድ መጥቶ አባቷን እንደሚያነጋግር አልተጠራጠረችም። እሱ ግን ለካ የመርከብ ቦታ ይፈልግ ኖሯል።

ኢቴል ፓሪን ያገኘችው በስህተት ነው፤ ያውም በራሷ ስህተት። ሎውሪ በሳምንታዊው ጋዜጣ ላይ የምትጽፍ፣ ብዕሯ የሚፈራ፣ አዘጋጁ እንኳ ነጠላ ሰረዟን ለመንካት የማይደፍር ሴት ናት። ታዲያ አንድ ጊዜ ጣሪያ የሚከደንበት ስስ ድንጋይ ስለሚወጣበት ካባ ሠራተኞች ስትጽፍ፣ «የጣሪያውን ድንጋይ እንደ ዳቦ ይቆርጡታል» አለች። በሳምንቱ በጋዜጣው በኩል አንድ ደብዳቤ መጣላት፦ «ለጸሐፊዋ እመቤት። ድንጋያችን አይቆረጥም፤ ይሰነጠቃል። ብንቆርጠው ኖሮ ይህን ጊዜ ጣሪያዎ እያፈሰሰ፣ የጻፉት ሁሉ ይታጠብ ነበር። ኢቴል ፓሪ፣ ድንጋይ ሰንጣቂ።» ሎውሪ ሁለት ቀን ተናደደች፣ አምስት ቀን ሳቀች፣ በስምንተኛው ቀን መልስ ጻፈች። ከዚያ በኋላ ብዕሯን የሚያቆመው አልተገኘም። በዓመቱ የእንግዳው «እርስዎ» ቀርቶ «አንተ» እና «አንቺ» ተባባሉ።

በአካል የተገናኙት ግን አምስት ጊዜ ብቻ ነው። አራቱ ገበያ ላይ፣ በሰው ፊት፣ በጨረፍታ። አምስተኛው ድልድዩ ላይ በዝናብ፤ ያን ቀን ኢቴል ጃንጥላውን ለእሷ ይዞላት ራሱ ከጃንጥላው ውጭ መቆሙን ሳያውቅ ሰዓት ሙሉ በሰበሰ። ከዚህ በላይ መገናኘት አይቻልም። እሷ የቤተ ክርስቲያኑ ቄስ የቴዎፍሎስ ቮን ልጅ ናት፤ እሱ ከቤተ ክርስቲያኑ የተለየው የጸሎት ቤት ሰው፣ ያውም የካባ ልጅ። በኩምዱ የቤተ ክርስቲያን ሰውና የጸሎት ቤት ሰው አንድ መጽሐፍ ያነባሉ እንጂ አንድ ማዕድ አይቀርቡም።

ሲባጎውን ፈታችው። ከላይ አንዲት ማስታወሻ ነበረች።

«ለተከበሩ ወይዘሪት ሎውሪ ቮን። ከጻፉልኝ ስልሳ አራት ደብዳቤዎች የተረፉት አርባ አንዱ ናቸው። አሥራ አንዱን በደረት ኪሴ ስይዛቸው ላብ በልቷቸዋል። ሰባቱ ቤታችን ሲያፈስ ረጥበው አለቁ፤ ይሳቁ፣ የድንጋይ ሰንጣቂ ጣሪያም ያፈሳል። አራቱን እናቴ ሳታውቅ እሳት አቀጣጥላባቸዋለች፤ ለሁለት ቀን አላናገርኳትም። አንዱ የት እንደገባ አልናገርም። ፈቃድዎ ይህ ከሆነ አላስቸግርዎትም። እግዚአብሔር ያክብርዎ። ኢቴል ፓሪ።»

ሎውሪ አነበበችው። ደግማ አነበበችው። እንባዋ ወረደ፤ ልቧ ግን ግራ ተጋባ። እጁ እያሰናበታት ቃሉ «ሚስቴ» ይላታል! «እርስዎ» ይላታላ!

እሷ በተወለደችበት ቤት «እርስዎ» ቀልድ አይደለም። ቄስ ቴዎፍሎስ ውሻውን አንተ፣ ደወል ደዋዩን አንተ፣ ጳጳሱንም በሌሉበት አንተ ይላሉ። «እርስዎ» የሚሉት አንድ ሰው ብቻ ነው። ይኸው አሁንም በኮሪደሩ ድምፃቸው ተሰማ።

«ማርገድ፣ መነጽሬን አይተውልኛል?»

«አፍንጫዎ ላይ ነው፣ ቴዎፍሎስ።» የእናቷ ድምፅ ከፎቅ መጣ።

«ኧረ! ይባረኩ።»

ሠላሳ አንድ ዓመት እንዲህ ነው። ሎውሪ ልጅ ሳለች፣ እኔስ አድጌ በቤቴ «እርስዎ» የምለው ማን ይሆን? እያለች ታልም ነበር። ለዚህም ነው ኢቴል ለጋብቻ ሲጠይቃት ሦስት ቀን የተቀመጠችው፤ ሃያ ወረቀት ቀደደች። በመጨረሻ ባሏን በባል ስም ጠርታ የላከችው ደብዳቤ አራት መስመር ብቻ ነበር። ከጻፈችው ሁሉ የምትኮራበት እሱ ነበር። አርባ አንዱን አገላብጣ ስታይ ያ ደብዳቤ የለም። የት እንደገባ ያልተነገረው እሱ ነው።

ጥቅሉን ጠረጴዛው ላይ ትታ በጓሮው በር ሮጠች።

ኔስት ሩቅ አልሄደችም። ከመቃብሩ አጥር ሥር ቅርጫቷን አስቀምጣ አፍንጫዋን በሽርጧ ትጠርጋለች።

«ኔስት! በእግዚአብሔር ይዤሻለሁ፣ ምን አደረግኩት?»

«ምን አደረግኩት ይላሉ ደግሞ! እርስዎ የቄስ ልጅ ነዎት፣ እኛ ደግሞ…» የጀመረችውን አልጨረሰችውም፤ ንዴቷ አንቱታውን ገፍትሮት ወጣ። «አንቺ ልብ የለሽም? ሁለት ዓመት 'አንተ ኢቴል፣ አንተ ጅል' ስትይው ከርመሽ፣ ላግባሽ ሲልሽ 'እርስዎ' ትይዋለሽ?»

«እንዴ! ታዲያ ባሌን ምን ልበለው?»

«ባሌን?»

«እንዴታ! አባቴ እናቴን ምን ሲሉ ሰምተሻል?»

ኔስት አፏን ከፈተች። «ሎውሪ… በእኛ ሰፈር 'እርስዎ' የሚባለው ማን እንደሆነ ታውቂያለሽ? የካባው ሹም፣ ሐኪሙ፣ የቤት ኪራይ የሚቀበለው ሰውዬ። ከዚያ በቀር የተጣሉት ሰው ነው። እናቴ አባቴን፣ ነፍሱን ይማረው፣ 'ሾርባዎ ቀርቧል' ካለችው፣ እስከ ሦስት ቀን ፊቷ አይፈታም ነበር። ኢቴል ያንን ወረቀት አንብቦ ማታውን ራቱን አልበላም። 'ቦታዬን አሳየችኝ' ብቻ ነው ያለው።»

ሎውሪ አጥሩ ላይ ዘጭ ብላ ተቀመጠች። ያን ሁሉ ዘመን ስለ ቋንቋ ስትጽፍ፣ ሰው ስታርም፣ አንዲት ቃል ከመቃብሩ አጥር ወዲያና ወዲህ ሁለት ትርጉም እንዳላት ሳታውቅ ኖራለች። አለመፈቀር አይደለም፤ አለመግባባት ነው! ድንገት ከት ብላ ስትስቅ፣ ኔስት ያበደች መስሏት ክንዷን ያዘቻት።

«አሁን የት ነው ያለው?»

«ካባው ላይ ነዋ። የመጨረሻ ቀኑ አይደል። የምሳው ጥሩምባ ሊነፋ ነው።»

ሻሏን ልትወስድ ስትመለስ አባቷ በፊት ለፊቱ በር ቆመዋል። በእጃቸው የኢቴልን ማስታወሻ ይዘዋል።

«ሎውሪ። ይህ ምንድን ነው?»

ሦስት ዓመት ስትፈራው የኖረችው ጥያቄ ነበር። አሁን ሲመጣ ግን ፍርሃቱ የለም። «ደብዳቤ ነው አባባ። የማገባው ሰው የጻፈው።»

«የጸሎት ቤት ሰው?»

«የጸሎት ቤት ሰው።»

«ድንጋይ ሰንጣቂ?»

«ድንጋይ ሰንጣቂ። ሌላው ጥያቄ ስመለስ ይሁን፤ የምሳ ሰዓት ያልፍብኛል።»

ሻሏን ሳትወስድ በአጠገባቸው አልፋ ወጣች። ወደ ተራራው ስትታጠፍ የእናቷን ረጋ ያለ ድምፅ ከኋላዋ ሰማች፦ «ቴዎፍሎስ፣ ምን ይገትርዎታል? ባርኔጣዎን ያድርጉ፤ ተራራው ላይ ይዘንባል።»

የካባው ሠራተኞች የምሳ ጎጆ በድንጋይ የተሠራች፣ መሐሏ ምድጃ ያለባት ጠባብ ቤት ናት። በውስጧ ግን ከፓርላማ የባሰ ደንብ አለ። ሊቀመንበር አለ፣ ጸሐፊ አለ፣ ሳይፈቀድ መናገር የለም። አርባ ወንዶች ዳቦና ቅቤያቸውን ይዘው፣ በጣሳ ቀዝቃዛ ሻይ እየጠጡ፣ ከሃይማኖት እስከ ግጥም ይከራከሩባታል። ያን ቀን የተያዘው አጀንዳ ድንች ከነልጣጩ ይቀቀል ወይስ ተልጦ የሚል ሲሆን፣ ነገሩ ከርሮ ሁለት ወንድማማቾች እስከ መኮራረፍ ደርሰው ነበር። ሎውሪ በሩን ከፍታ ስትገባ ክርክሩ እዚያው ላይ ተቋረጠ።

እሷ ያየችው አንዱን ብቻ ነው። ከጥጉ ተቀምጧል፤ ፀጉሩ ላይ የድንጋይ አቧራ፣ እጁ ላይ ጣሳ። ቀና ብሎ አያት። ዓይኑ በራ፤ ወዲያው ደግሞ የበራበትን ምክንያት አስታውሶ ይመስል ጠፋና ወደ ጣሳው ተመለሰ። ያቺ አንድ ብልጭታ ለሎውሪ በቃቻት።

«ሊቀመንበር» አለች፣ «የመናገር ፈቃድ እጠይቃለሁ።»

ሊቀመንበሩ ሽማግሌው ዕዝራ ጢማቸውን ዳሰሱ። «ጸሐፊ፣ ሴት አትገባም የሚል ደንብ አለን?»

«የለም። ገብታ ስለማታውቅ አልተጻፈም።»

«እንግዲያው ያልተጻፈ አይከለክልም። ይናገሩ ልጄ። የድንቹ ነገር ይቆየን።»

«የማቀርበው አጀንዳ ይህ ነው። ሰው የሚወደውን ሰው የበለጠ የሚያከብረው 'አንተ' ሲለው ነው ወይስ 'እርስዎ' ሲለው?»

ጎጆዋ በሳቅ ተናወጠች። ኢዮብ የሚባለው አፈኛ ብድግ አለ። «ሊቀመንበር! እኔ 'እርስዎ' የምለው የካባውን ሹም ነው። እሱን ከወደድኩት ምላሴ ይቆረጥ!»

«አይቆረጥም፣ ይሰነጠቃል!» አለ ሌላው፤ ሳቁ ባሰ።

ኢቴል ተነሳ። ፊቱ ቀልቷል። «ሊቀመንበር፣ ይህ የግል ጉዳይ ነው።»

«በምሳ ሰዓት የግል ጉዳይ የለም» አሉ ዕዝራ መዶሻቸውን መታ አድርገው። «ወይ ተቀመጥ፣ ወይ ተከራከር።»

ኢቴል አልተቀመጠም። ከዚያ እጁን ወደ ደረት ኪሱ ሰደደ። ሎውሪ ወረቀቷን ገና ከእጥፋቷ አወቀቻት። ያልተመለሰችው ደብዳቤ ልቡ ላይ ነበረች! «እከራከራለሁ» አለ። «ማስረጃዬ ይኸው። 'ውድ ኢቴል፤ ጥያቄዎ ደርሶኛል። መልሴን ልብዎ ያውቀዋል፤ ማብራራት አያስፈልገኝም። ከዛሬ ጀምሮ አጠራሬ ይኸው ነው። ጤናዎን ይጠብቁ። ሎውሪ።'» ወረቀቷን መልሶ አጠፋት። «ወንድሞቼ፣ ይህች ሴት ስለ ዝናብ አራት ገጽ የምትጽፍ ናት። ለሕይወቴ አራት መስመር ሰጠችኝ። ከዚያ በላይ ምን ትበለኝ? ቦታህን እወቅ ማለት አይደለም?»

ማንም አልሳቀም።

«አንተ ደንቆሮ!» አለች ሎውሪ፤ እንባዋን ልትጠርገው እንኳ አላሰበችም። «ሚስትህ ነኝ ማለቴ ነው! በእኛ ቤት ባልና ሚስት 'እርስዎ' ነው የሚባባሉት። እናቴ ከአባቴ በቀር በዚያ ቃል ያቆላመጠችው ሰው የለም። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ለባሌ የቆጠብኩትን ቃል ነው የላክሁልህ!»

«የቄስ ቤት ጨዋታ!» አለ ኢዮብ። «ሊቀመንበር፣ እውነት ከሆነ ምስክር ይቅረብ!»

ምስክሩ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ቄስ ቴዎፍሎስ ቮን ዳገቱን ሮጠው ኖሮ ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ ይላል፤ ከባርኔጣቸው ውሃ ይንጠባጠባል።  ከጸሎት ቤት ሰዎች ጎጆ ልጃቸውን ጎትተው ሊያወጡ መምጣታቸውን ፊታቸው ይናገራል። ሰዎቹ አንድ በአንድ ተነሥተው ቆባቸውን አወለቁ፤ ዕዝራ ብቻ ከመንበራቸው ንቅንቅ አላሉም።

«በሰዓቱ ደረሱልን፣ አባ ቴዎፍሎስ። ሐሰት እንደማይናገሩ እናውቃለን። ባለቤትዎን ምን ብለው ነው የሚጠሯቸው?»

ቄሱ ልጃቸውን አዩ። ኢቴልን አዩ፤ ያቺን የተጣጠፈች ወረቀት በሁለት እጁ ይዟል። ሊናገሩ ያዘጋጁት ቁጣ አፋቸው ላይ ነበር። ግን የተጠየቁት እውነት ነው፤ እውነትን መካድ ደግሞ አልለመዱም።

«'እርስዎ' እላቸዋለሁ» አሉ።

«ስለማይወዷቸው ነው?»

«ምን ማለትህ ነው!» ቄሱ ባርኔጣቸውን አወለቁ።  ሲቀጥሉ ድምፃቸው ሎውሪ ከስብከታቸው መድረክ ላይ ሰምታው የማታውቀው ነበር። «ሰው የለመደውን ይረሳል። ወንበሩን፣ ቤቱን፣ አምላኩን ሳይቀር። እኔ ጠዋት ስነሣ 'እርስዎ እንዴት አደሩ' ስላቸው፣ ትናንት ያገባኋቸው ይመስል ዛሬም በቤቴ መገኘታቸው ይገርመኛል። ሠላሳ አንድ ዓመት ሆነን። ማርገድን እስከ ዛሬ ለምጃቸው አላውቅም።»

 አንድ ሁለቱ ሰዎች ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ሎውሪ አባቷን እንደ አዲስ ሰው አየቻቸው።

«ድምፅ ይሰጥ!» አሉ ዕዝራ ዓይናቸውን እየጠረጉ። «'እርስዎ' ፍቅር ነው የሚሉ!»

ሠላሳ ስምንት እጅ ወጣ። ኢቴል አልመረጠም። ኢዮብም ድምፀ ተአቅቦ አደረገ። «ሚስቴ ከሰማች ከዛሬ ማታ ጀምራ 'እርስዎ በለኝ' ትላለች» አለ።

ቄስ ቴዎፍሎስ በአግዳሚዎቹ መካከል አልፈው ከኢቴል ፊት ቆሙ። ከእግር እስከ ራሱ አዩት። ከዚያም ጠንከር ባለ ድምፅ፣ «እሁድ ምሳ ከእኛ ጋር ይበሉ» አሉት።

ይበሉ! ያን ቃል ለመስማት ሎውሪ ሦስት ዓመት ሙሉ በአባቷ ስብከት ሁሉ ሥር አጎንብሳ ጸልያለች።

«ከጸሎት ቤት በፊት ግን አልመጣም፣ አባ ቴዎፍሎስ» አለ ኢቴል።

«ምሳውም ከቤተ ክርስቲያን በፊት አይቀርብም» አሉ ቄሱ።

ሰዎቹ ጣሳቸውን እያጋጩ ጮኹ። ኢቴል ግን አልሰማቸውም። ወደ ሎውሪ ዞሮ ነበር። ቀረብ አለ፤ ቀረብ ብሎም ቆመ። ከንፈሩ ሁለት ጊዜ ተንቀሳቅሶ ቃሉ አልወጣ አለው። የካባ ልጅ ነው፤ ያን ቃል ያለ ፍርሃትና ያለ ቂም ተናግሮት አያውቅም።

«ሎውሪ» አለ በመጨረሻ፣ በጣም ቀስ ብሎ፣ «እርስዎ እዚህ ካሉ፣ ባቡሩ ነገ ብቻውን ይሂድ።»

ልትመልስለት አፏን ከፈተች። ጋዜጣ የሚጠብቃት፣ አዘጋጅ የሚፈራት፣ ስልሳ አራት ደብዳቤ የጻፈችለት ሴት አንዲት ቃል ፈልጋ አጣች። ባጣች ጊዜ አቧራ የለበሰውን እጁን ይዛ ጉንጯ ላይ አስቀመጠችው፤ በሕይወቷ እንደዚያ ደስ ብሏት አያውቅም።